“ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ውብ አፓርታማ ይሸጣል”፦ የኒውዮርክ አሮጌ ሕንፃዎች ዋጋቸው የት ተጽፏል?

ባለፈው የካቲት አንድ ወዳጄ ሊገዛው ያሰበውን አፓርታማ አብሬው ሄጄ አየሁ። ቤቱ ማንሃተን ውስጥ፣ አፐር ዌስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ በ1920ዎቹ በተሠራ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ደላላዋ በሩን ስትከፍትልን በቀጥታ ሳሎን አልገባንም። መጀመሪያ የተቀበለን ካፖርት የሚወልቅበት፣ እንግዳ ቆሞ ሰላምታ የሚለዋወጥበት ሰፊ መግቢያ ክፍል ነው። ከዚያ በስተቀኝ ሳሎኑ፣ ከሳሎኑ አጠገብ የምግብ ክፍሉ፣ ከምግብ ክፍሉ ወዲህም ወዲያም በሚገፋ በር ማድ ቤቱ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ከአንድ አልጋ ሌላ የማትችል የሠራተኛ ክፍል። ሁለቱ መኝታ ቤቶች በኮሪደር ተለይተው በወዲያኛው ጫፍ ናቸው። የከተማው ደላሎች ይህን አሠራር “ክላሲክ ሲክስ” ይሉታል፤ መታጠቢያ ቤቶቹና መግቢያው ሳይቆጠሩ ስድስት ክፍል ማለት ነው። ኮርኒሱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ወለሉ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰድሮ የተነጠፈ ፓርኬ ነው። ወዳጄ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ እንደ ድንጋይ ድፍን ድምፅ ሰጠ። ከጎረቤት የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ውጭ በረዶ እየጣለ የሳሎኑ መስኮት አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ነበር። ከሥሩ ያለው ራዲያተር እጅ አያስቀምጥም። ወዳጄ ሊቀንሰው መክፈቻውን ፈለገና ሲያዞረው አልዞር አለው፤ ቀለም በላዩ ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀባበት እንጃ፣ ከቧንቧው ጋር አንድ ሆኗል። “እዚህ ቤት ሙቀት ተጓድሎ አያውቅም” አለች ደላላዋ፣ ከልቧ እያመሰገነችው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከዚያች ክፍት መስኮት አልነቀል አለ። የሕንፃው ታሪክም፣ ወደፊት የሚያስከፍለውም ገንዘብ እዚያች ስንዝር ላይ ነበር።

የሚሸጥበት ዋጋ በዚያው ጎዳና ካለ አዲስ ኮንዶሚኒየም በብዙ ያንሳል። ስፋቱ ግን ይበልጣል፤ ለእኔ ዓይን ውበቱም ይበልጣል። ታዲያ ለምን ረከሰ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ኒውዮርክ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሁሉ ይጠይቀዋል፤ ብዙው ሰው ግን መልሱን የሚያገኘው ከገዛ በኋላ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ በእነዚህ ሕንፃዎች ውበቱና ወጪው የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። ወፍራሙ ግድግዳ፣ የተጠረበው ድንጋይ፣ ከምድር ቤት ተነስቶ እየተንኳኳ የሚወጣው እንፋሎት ገዢውን የሚማርኩት እነሱ ናቸው፤ የወር ሂሳቡን የሚያንሩትም እነሱ ናቸው። የሽያጭ ማስታወቂያው የሚያሳየን ክፍሉን ነው፤ የምንገዛው ግን ሕንፃውን ነው።

ከሁሉ በፊት ስሙን እናፍታታው። “ፕሪ ዎር”፣ “ከጦርነቱ በፊት”፣ የሚባለው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1940 ገደማ፣ ማለትም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግንባታን ከማስቆሙ በፊት የተሠራ ሕንፃ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያ የኒውዮርክ ባለጸጋ አፓርታማ የሚባል ነገር አይወድም ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ከማያውቁት ሰው ጋር ተደራርቦ መኖር የድሃ ኑሮ ምልክት ነበር። ይህን አመለካከት ከቀየሩት አንዱ በ1884 የተጠናቀቀው፣ ሴንትራል ፓርክ ዳር 72ኛው መንገድ ላይ ያለው ዳኮታ ነው። ሄንሪ ሃርደንበርግ የነደፈው ይህ ሕንፃ የግል ቤት የሚሰጠውን ስፋትና ክብር በፎቅ ላይ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በኋላ አሳንሰር እየተሻሻለ፣ የማንሃተን መሬት እየተወደደ ሲሄድ ባለ ግል ቤቶቹ ራሳቸው ቤታቸውን እየሸጡ ወደ ፎቅ ወጡ።

ወርቃማው ዘመን 1920ዎቹ ናቸው። ያን ዘመን የሠሩት እጆች ከየት እንደመጡ ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሮዛሪዮ ካንዴላ ሲሲሊ ተወልዶ በወጣትነቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው፤ በ1915 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕንፃ ተመርቆ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ 960 ፊፍዝ አቬኑን፣ 740 ፓርክ አቬኑን፣ 834 ፊፍዝ አቬኑን የመሳሰሉ እስከ ዛሬ የከተማው ውድ አድራሻ የሆኑ ሕንፃዎችን ነደፈ። ኤመሪ ሮዝ በቀድሞው የኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት ተወልዶ በልጅነቱ የተሰደደ ነው፤ ቤረስፎርድና መንታ ማማ ያለው ሳን ሬሞ የእሱ ናቸው። በዚያን ጊዜ እነዚህን ከመሰሉ ቤቶች ብዙዎቹን እንዲገዙ ከማይፈቀድላቸው ወገኖች የተወለዱ ሰዎች ቤቶቹን በባለጸጎቹ ልክ ቀደዱ። ካንዴላ ለምሳሌ የእንግዳውን፣ የቤተሰቡንና የሠራተኛውን መተላለፊያ እንዳይጋጩ አድርጎ የመለየት ጥበቡ ወደር አልነበረውም። በ1929 ገበያው ሲወድቅ ግንባታው ደረቀ፤ ካንዴላም ፊቱን ወደ ምስጢራዊ ጽሕፈት ጥናት አዞረ።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ዛሬ አይሠራም። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ባዶ ሆድ ባለው የሸክላ ብሎክ ተገንብቶ በላዩ ልስን በእጅ ሦስት ጊዜ የተቀባ ነው፤ ድምፅ የማያሳልፈው፣ እሳትንም የሚያዘገየው ለዚህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያን ቦታ የጂፕሰም ሰሌዳ ወሰደው፤ ኮርኒሱም ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ዝቅ አለ። ዛሬ ያን ልስን ላሠራ የሚል ሰው የሚያውቀው ባለሙያ ማግኘት ራሱ ይቸግረዋል። ስለዚህ ቁጥራቸው አይጨምርም፤ እያረጁ ብቻ ይሄዳሉ። በ1965 የወጣው የቅርስ ጥበቃ ሕግም ብዙዎቹን ከመፍረስ አድኗል፤ ቅርስ በተባለ ሕንፃ ወይም ሰፈር ውስጥ ግን መስኮት ለመለወጥ እንኳ የከተማው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ወዳጄ በዚያ ቀን “ቤት ልገዛ ነው” ይል ነበር። በሕግ ዓይን ግን የሚገዛው ቤት አይደለም። አብዛኞቹ ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ የማንሃተን መኖሪያ ሕንፃዎች “ኮኦፕ” ናቸው። ሕንፃው በሙሉ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ገዢው የዚያን ኩባንያ አክሲዮን ይገዛና በአክሲዮኑ ምክንያት በአንዱ አፓርታማ የመኖር መብት የሚሰጥ የኪራይ ውል ይፈርማል። ባለ አክሲዮንም ተከራይም ነው። የኒውዮርክ የኮንዶሚኒየም ሕግ የወጣው በ1964 ስለሆነ ከዚያ በፊት አፓርታማን በጋራ የመያዣው መንገድ ይህ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮም ብዙ የኪራይ ሕንፃዎች ባለቤቶቻቸው ለተከራዮቹ እየሸጡ ወደዚሁ ተቀየሩ።

ይህ የቃላት ልዩነት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ለገዢው ይጠቅመዋል፤ የተገዛው አክሲዮን እንጂ መሬትና ሕንፃ ስላልሆነ ለምሳሌ በቤት ብድር ምዝገባ ላይ የሚከፈለው ግብር አይነካውም። የሚከብደው ሌላው ነው። የኩባንያው ቦርድ፣ ማለትም በጎረቤቶች የተመረጡ ጎረቤቶች፣ አዲስ ገዢን የመቀበልም የመመለስም ሥልጣን አለው። የባንክ ሂሳብ፣ የግብር ወረቀት፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የወዳጅ ምስክርነት ሁሉ ተጠርዞ ይቀርባል፤ ከዚያ ቃለ መጠይቅ አለ። ሪቻርድ ኒክሰን ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ በኋላ በ1979 ምሥራቅ 72ኛው መንገድ ላይ ሊገዙ የፈለጉት ኮኦፕ አልተቀበላቸውም። ዘፋኟ ማዶና በ1985 በሳን ሬሞ ተመልሳለች። ቦርዱ ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገርና በመሳሰሉት መከልከልን ሕግ ይከለክላል፤ ምክንያት ካልተነገረ ግን የተበደለ ሰው በምን ያስረዳል? ምክንያት እንዲነገር የሚጠይቅ ረቂቅ ለከተማው ምክር ቤት በተደጋጋሚ ቀርቧል። እኔ ይህ ዝምታ ማብቃት አለበት ባይ ነኝ። የጎረቤትን ገንዘብ አቅም ማጣራት ተገቢ ነው፤ በጋራ ዕዳ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ማን እንደሚቀላቀላቸው ማወቃቸው ያስፈልጋቸዋል። ገንዘቡን ለመመርመር ግን ጨለማ አያስፈልግም።

የቦርዱ ሥልጣን ደጃፉ ላይ አያበቃም። በ1990 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ እስከ ዛሬ የኮኦፕ ሕግ ምሰሶ ነው፤ የተነሳው ደግሞ ከአንድ የእንፋሎት ቧንቧ ነው። በ1927 በተሠራው ዋን ፊፍዝ አቬኑ በሚባል ሕንፃ የሚኖር ባለ አክሲዮን ማድ ቤቱን ሲያድስ በቁመት የሚያልፈውን የማሞቂያ ቧንቧ ትንሽ ፈቀቅ ሊያደርገው ፈለገ። ቦርዱ አይሆንም አለ። ፍርድ ቤቱም ቦርዱ በቅን ልቦና፣ በሥልጣኑ ክልልና ለሕንፃው ጥቅም እስከሠራ ድረስ ውሳኔውን እኛ አንመዝንም ሲል ፈረደ። ውሳኔውን ሳነበው የሚታየኝ የነገሩ ልክነት ነው፤ ያ ቧንቧ የአንድ ሰው ማድ ቤት ውስጥ ቢያልፍም ከሥርና ከላይ ያሉትን ሁሉ የሚያሞቅ ነው። በጋራ አካል ውስጥ የአንዱ ሥር የሌላውም ሥር ነው። መታጠቢያ ቤት ከታች ካለው ጎረቤት መኝታ ቤት በላይ እንዳይሠራ ብዙ ሕንፃዎች የሚከለክሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርጥብ ከደረቅ በላይ አይቀመጥም ይላሉ።

የወር ሂሳቡ

ወደ ዋጋው እንመለስ። ኮኦፕ ውስጥ ያለ ሰው ለራሱ ብድር ከሚከፍለው ሌላ በየወሩ ለኩባንያው መዋጮ ይከፍላል። በዚያ መዋጮ ውስጥ የሕንፃው የንብረት ግብር፣ የበር ጠባቂዎቹና የሕንፃው ተቆጣጣሪ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገናና ኩባንያው ራሱ የተበደረው ዕዳ አለበት። ማስታወቂያው ላይ ይህ ቁጥር ከዋጋው ሥር በትንንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ሰው ያየዋል፣ ግን አይመዝነውም።

እንመዝነው። በ7 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት የተወሰደ 100,000 ዶላር ብድር በወር 665 ዶላር ገደማ ይከፈልበታል። ስለዚህ በወር 1,000 ዶላር ተጨማሪ መዋጮ ማለት 150,000 ዶላር ተጨማሪ ብድር ከመሸከም ጋር እኩል ነው። በዋጋ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አፓርታማዎች በመዋጮ 1,000 ዶላር ከተለያዩ፣ በእውነት የሚለያዩት በ150,000 ዶላር ነው። ልዩነቱም አለው፦ ብድር አንድ ቀን ያልቃል፣ መዋጮ አያልቅም፤ ቋሚ ወለድ ያለው ብድር ክፍያው አይጨምርም፣ መዋጮ ግን ይጨምራል። ወዳጄ ያየው ቤት የረከሰበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ገበያው መዋጮውን ከዋጋው ላይ አስቀድሞ ቀንሶታል።

ታዲያ መዋጮው አሁን ለምን ይንራል? ግብሩና ደመወዙ እንደ ወትሮው እያደጉ ናቸው፤ እሱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሦስት የቆዩ ሂሳቦች በአንድ ጊዜ መድረሳቸው ነው።

የመጀመሪያው ዕዳ ነው። ኮኦፕ ኩባንያዎች ዋናውን ሳይነኩ ወለዱን ብቻ እየከፈሉ፣ ጊዜው ሲደርስ በሌላ ብድር መተካት የለመዱ ናቸው። ወለዱ ወደ 3 በመቶ ወርዶ በነበረባቸው ዓመታት የተበደሩት ውላቸው ሲያልቅ የሚጠብቃቸው ሌላ ወለድ ነው። 60 አፓርታማ ያለው ሕንፃ 5 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አለበት እንበል። በ3 በመቶ በዓመት 150,000 ዶላር ወለድ ይከፍል የነበረው በ6 በመቶ 300,000 ይከፍላል። ልዩነቱ ለየአፓርታማው በዓመት በአማካይ 2,500 ዶላር ነው፤ አንዲት ጡብ ሳትጠገን።

ሁለተኛው የውጭ ግድግዳው ነው። በ1979 ብሮድዌይ ላይ በእግሯ ትሄድ የነበረች የኮሌጅ ተማሪ ከሕንፃ ላይ በወደቀ ቁራጭ ሞተች። ከተማው በ1980 ከስድስት ፎቅ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች ገጽታ በየአምስት ዓመቱ በባለሙያ እንዲፈተሽ ደነገገ፤ በ1998 ሕጉ ይበልጥ ጠበቀ። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች እዚህ ላይ ይጎዳሉ። ያ የሚያምረው የቴራኮታ አበባ፣ የመስኮቱ ቅንድብ፣ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወጣው የድንጋይ ክፈፍ ሁሉ በብረት የተያዘ ነው። በስንጥቅ ውኃ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ምንም አይታይም። በመላ ከተማው የእግረኛ መንገድ ላይ ለዓመታት ተተክለው የሚቀሩት የእንጨትና የብረት መከለያዎች የዚህ ሥራ ምልክቶች ናቸው። መከለያው ቆሞ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ኩባንያው ለጥገናው ገንዘብ ስላላሰባሰበ ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ክፍቷ መስኮት

ከእነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የሚሞቁት በእንፋሎት ነው። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ያለ ምንም ፓምፕ በራሱ ኃይል በቧንቧ ሽቅብ ይወጣል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ሙቀቱን ትቶ ወደ ውኃ ይለወጣል፣ ውኃውም በብዙ ሕንፃዎች በመጣበት በዚያው ቧንቧ ቁልቁል ይመለሳል። ሌሊት የሚሰማው ያ ብረትን በመዶሻ የመምታት ድምፅ ወደ ታች የሚወርደው ውኃ ወደ ላይ ከሚወጣው እንፋሎት ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ነው። መክፈቻውን ግማሽ ማድረግም አይቻልም፤ ወይ ሙሉ ይከፈታል ወይ ሙሉ ይዘጋል፣ አለበለዚያ ውኃው መውጫ ያጣል። እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው መቶ ዓመት የኖረው።

ጉድለቱ መጠኑ ላይ ነው። የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ካለፈ በኋላ የጤና ባለሙያዎች የታፈገ አየር በሽታ ያመጣል፣ በክረምትም መስኮት ይከፈት ብለው አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። መሐንዲሶችም በጣም በሚበርድበት ቀን መስኮት ተከፍቶ እንኳ ክፍሉን የሚያሞቅ ትልቅ ቦይለርና ትልቅ ራዲያተር አስገቡ። ያ ትውልድ አውቆ የሠራው ነው፤ የተጠየቀው ያ ነበር። ዛሬም ሕጉ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ፣ ውጭው ከ55 ዲግሪ ፋራናይት (13 ሴልሺየስ ገደማ) በታች ሲሆን፣ በቀን ውስጡ ቢያንስ 68 ዲግሪ (20 ሴልሺየስ) እንዲሆን ያዛል። እንፋሎቱ ቶሎ የማይደርስበት አንድ ጥግ ላይ ያለ ቤት 68 እንዲሞላ ቦይለሩ ሲነድ፣ መሐል ላይ ያሉት 80 (27 ሴልሺየስ ገደማ) ይደርሳሉ። መስኮት ይከፍታሉ። ወዳጄ ባየው ሳሎን ውስጥ በበረዶ ቀን ወደ ውጭ ይወጣ የነበረው ያ ሙቀት በሁሉም ባለ አክሲዮን መዋጮ የተገዛ ነዳጅ ነው።

አሁን ደግሞ በሌላ መንገድም ዋጋ ያስከፍላል። የኒውዮርክ ከተማ ከሚለቀው በካይ ጋዝ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚወጣው ከሕንፃዎች ነው። በ2019 የወጣው የከተማው ሕግ ቁጥር 97 ከ25,000 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም ከ2,300 ካሬ ሜትር ገደማ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች ላይ የልቀት ጣሪያ አስቀመጠ። ጣሪያው ከ2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ከዚያ በላይ ለሚለቀቅ ለያንዳንዱ ቶን በዓመት 268 ዶላር ቅጣት አለ። ኩዊንስ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ኮኦፕና ሌሎች ባለንብረቶች ሕጉን ለማስቀረት ከሰሱ፤ በ2025 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። ስለዚህ ሕጉ ይቀየር ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ቦርድ ካለ ጊዜውን እያባከነ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። አሁን ያለው ጣሪያ ለመኖሪያ ሕንፃዎች ላላ ያለ ስለሆነ አብዛኞቹ ያልፋሉ፤ ደላላም “ሕንፃው ሕጉን አሟልቷል” ሊል ይችላል፣ እውነትም ነው። ጣሪያው ግን በ2030 ወደ ግማሽ ይወርዳል። 100,000 ስኩዌር ፊት የሆነ የመኖሪያ ሕንፃ እስከ 2029 ድረስ 675 ቶን ይፈቀድለታል፤ ከ2030 ጀምሮ 335 ገደማ። በዓመት 600 ቶን የሚለቅ ሕንፃ ዛሬ በሰላም ያልፋል። ምንም ሳይለወጥ 2030 ከደረሰ ጣሪያውን በ265 ቶን ያልፋል፤ በ268 ሲባዛ 71,000 ዶላር ገደማ ቅጣት ነው። ለ60 አፓርታማ ሲከፈል ለያንዳንዱ በወር 100 ዶላር ያህል ይደርሰዋል።

100 ዶላር ብቻ ከሆነ ከፍሎ መኖር አይቻልም ወይ? አንዳንድ ቦርዶች እንዲህ ያስባሉ። እኔ ስሌቱ ጎዶሎ ይመስለኛል። ቅጣቱ በየዓመቱ የሚመለስ ነው፣ ጣሪያውም እስከ 2050 ድረስ እየወረደ ይሄዳል፤ ለቅጣት የወጣ ገንዘብ ደግሞ አንዲት ቧንቧ አያስተካክልም። በሌላ በኩል እንፋሎቱን ነቅሎ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማሞቂያ መተካት የሚባለው መፍትሔ ለመቶ ዓመት ሕንፃ ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ የተዘረጋው ለአምፖልና ለሬዲዮ ዘመን ነው፤ ከመንገድ የሚገባውን ኃይል ማሳደግ፣ በየፎቁ አዲስ ሽቦ መሳብ፣ ያን ድፍን ግድግዳ መሰንጠቅ ይጠይቃል። የሚማርከን ግድግዳ እዚህ ላይ ተመልሶ ያስከፍለናል።

ተስፋ የማየው መሐል ላይ ባለው መንገድ ነው። የቧንቧዎቹን አየር ማስወጫ በትክክል ማስተካከል፣ በየራዲያተሩ ሙቀት እየለካ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ መግጠም፣ ቦይለሩን ውጭው ምን ያህል እንደበረደ ብቻ ሳይሆን በየክፍሉ ባለ መለኪያ እየተመራ እንዲነድ ማድረግ፤ እነዚህ አሮጌውን ሥርዓት ሳይነቅሉ የተከፈተውን መስኮት የሚዘጉ ሥራዎች ናቸው። የከተማው የሕዝብ ቤቶች ባለሥልጣን በ2022 በመስኮት ላይ ተቀምጦ በተራ ሶኬት የሚሠራ ማሞቂያ ለ30,000 መስኮቶች እንዲሠራለት ለሁለት አምራቾች ውል ሰጥቷል፤ ይህ ከሰመረ ግድግዳ ሳይሰነጠቅ ኤሌክትሪክ የሚገባበት በር ይከፈታል። ሕጉን እደግፈዋለሁ። ሕንፃዎቹንም እወዳቸዋለሁ፤ ቆሞ ያለን ሕንፃ አሻሽሎ ማኖር አፍርሶ አዲስ ብረትና ሲሚንቶ ከማፍሰስ ለአየሩም ይሻላል። የማይዋጥልኝ ሸክሙ የሚወድቅበት ሰው ነው። በ1980ዎቹ ተከራይ ሳሉ ቤታቸውን በቅናሽ የገዙ፣ አሁን በጡረታ የሚኖሩ ባለ አክሲዮኖች በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ ናቸው። መዋጮ ድንገት ሲጨምር ለእነሱ ቤት የመልቀቅ ጉዳይ ነው። ቦርዱ አሁን ትንሽ ትንሽ ቢያሰባስብ ሊሸከሙት የሚችሉትን፣ 2029 ላይ በአንድ ጊዜ ሲጠየቁ አይችሉትም።

ስለ ሌሎቹ ወጪዎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዋጋው 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ገዢው ከ1 በመቶ የሚጀምር፣ 25 ሚሊዮን ሲደርስ 3.9 በመቶ የሚሆን ግብር ይከፍላል። ከ1960 በፊት በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ከሥር ባለው ቀለም እርሳስ እንዳለ ገምቶ መነሳት ነው፤ ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ከፓርኬው ውበት በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው።

ወዳጄ ዋጋ ከማቅረቡ በፊት ጠበቃው ወደ ሕንፃው አስተዳዳሪ ቢሮ ሄዳ የቦርዱን የሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ እንድታነብ ጠየቀ። ይህ ማንኛውም ገዢ ሊያደርገው የሚችል፣ ብዙዎች ግን የሽያጩን ሂደት ለመጨረስ ሲጣደፉ በቅጡ የማያደርጉት ነገር ነው። ቃለ ጉባኤው ስለ ብስክሌት ማቆሚያ፣ ስለ አንድ የሚጮህ ውሻ፣ ስለ መግቢያው ምንጣፍ ቀለም ብዙ ይላል። ከመሐሉ ግን ሦስት መስመር ተገኘች፦ መሐንዲስ ስለ ቦይለሩ ሪፖርት አቅርቧል፤ ውይይቱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ጉዳዩ አልተነሳም። ከዚያም ቀጥሎ ባለው አልተነሳም። የሕንፃው ዕዳ ውልም በ2027 ያልቃል።

ወዳጄ ቤቱን አልተወውም። የቦይለሩን ድርሻና የሚመጣውን የወለድ ጭማሪ አስልቶ ያን ያህል ከዋጋው ቀንሶ አቀረበ፤ ሻጮቹም ከጥቂት ቀን ክርክር በኋላ ተቀበሉት። አሁን የቦርዱን ቃለ መጠይቅ እየጠበቀ ነው። ጥያቄ ካለህ ጠይቅ ቢሉት ስለ ሪፖርቱ ማንሳት ወይም አለማንሳት ሲያወላውል ሰነበተ፤ ሊከለክሉት ከሚችሉ፣ ምክንያትም ከማይሰጡ ሰዎች ፊት የሚቀርብ ጥያቄ ነውና። ትናንት ስንነጋገር አነሳዋለሁ አለኝ።